ድሬን የሚፈትናት ሙቀቱ ሳይሆን ውሃው ነው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው ደረሰኝ። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸ ነው፦ ድሬዳዋ ላይ የባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከልና ማምረቻ ይገንባ የሚለው ነገር ይቅር።

ጸሐፊው ምክንያታቸውን በደንብ ዘርዝረዋል። ድሬ ትሞቃለች፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደጋ ይፈልጋል ይላሉ። ውሃ ያንሳታል፤ ያለውም ካልሲየም የበዛበት ነው። መብራት ይቋረጣል። ጀርም የሚያዝበት ቤት ሕዝብ መሃል መቆም የለበትም። ባለሙያ የለም፤ ቢመረትም ገዢ የለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ መውጫ ይሰጣሉ፦ ግድ ይሠራ ከተባለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሼድ አለ፤ ኤሲ ገጥሞ ማሽን ማስገባት ነው፤ በዓመት ያልቃል።

ጽሑፉ ከቅን ልብ የወጣ ነው። ጸሐፊው ለድሬ እንደሚቆረቆሩ ያስታውቃል። እኔም እዚያው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የሠራሁት መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ፣ አየሩና ውሃው ላይ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንዳንዱ ላይ እስማማለሁ፤ አብዛኛው ላይ ግን አልስማማም። ለምን እንደሆነ በየተራ ላስረዳ።

ከሙቀቱ ልጀምር። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከ35 ዲግሪ በላይ እንደምትሞቅ ማንም ያውቀዋል። ጥያቄው ግን ክፍሉ ውስጥ ምን ይፈለጋል የሚለው ነው። ክትባት በብልቃጥ የሚሞላበት ቦታ ላይ፣ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ግማሽ ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ ከ3,520 መብለጥ የለበትም። ይህን ለማግኘት ቤቱ ድፍን መሆን አለበት። መስኮት አይከፈትም። አየሩ በሄፓ ፊልተር (እጅግ ደቃቅ ብናኝ በሚይዝ ማጣሪያ) አልፎ፣ ቀዝቅዞ፣ እርጥበቱ ተመጥኖ ይገባል። ይህ ደብረ ብርሃን ቢሠራም እንደዚያው ነው፤ የደጋው ነፋሻ አየር እዚያም ቢሆን በመስኮት አይገባም። በብዙው የንጹህ ክፍል ዓይነት ደግሞ የሚዘዋወረው አየር አብዛኛው ቀድሞ የቀዘቀዘው ራሱ ነው። ከውጭ የሚጨመረው ጥቂቱ ነው። የድሬን ፀሐይ የሚጋፈጠው ያ ጥቂቱ ነው።

ምሳሌ እንፈልግ ከተባለ አይጠፋም። የሕንዷ ሃይደራባድ ከዓለም ትልልቅ የክትባት ማምረቻ ከተሞች አንዷ ናት። ግንቦት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል። ሲንጋፖር ቱዋስ ውስጥ የዓለም ትልልቅ የባዮቴክ ፋብሪካዎች ተደርድረዋል። እዚያ ሙቀቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚያጣብቅ እርጥበት ይጨመርበታል። አየርን ማቀዝቀዝ አንድ ነገር ነው፤ እርጥበቱን መጭመቅ ግን ሌላ ወጪ ነው። የድሬ ደረቅ አየር እዚህ ላይ ያግዘናል።

ደጋም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኦቶክላቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ላይ ሁሌ እንጠነቀቅ ነበር። የእንፋሎቱ ጌጅ 1 ባር ሲያሳይ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው 121 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ብሎ ያምናል። አዲስ አበባ ላይ ያው ጌጅ 116 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው። ያ አምስት ዲግሪ ልዩነት ጀርም ሊያተርፍ ይችላል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬ ላይ ልዩነቱ ያነሰ ነው።

የማምንላቸው ግን አለ። የማቀዝቀዣው የመብራት ሒሳብ ከደጋ ይበልጣል። ጸሐፊው ያላነሱት አቧራም አለ። የከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ድሬ ምን እንደምትመስል የኖረበት ያውቃል። የፊት ፊልተሮቹ ቶሎ ይደፈናሉ፤ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለባቸው። ካልተቀየሩ ውድ የሆነው ሄፓ ይጎዳል። ይህ በዓመታዊ በጀት ውስጥ በግልጽ መያዝ ያለበት ነገር ነው።

መብራቱን በአጭሩ ልለፈው። መቋረጡ እውነት ነው። ግን ድሬ ኃይል የማይደርሳት ከተማ አይደለችም። ወደ ጅቡቲ ኃይል የምንሸጥበት 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚነሳው ከዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ። ባቡሩም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከሰብስቴሽኑ ወዲህ ያለው የሰፈር መስመር ላይ ነው። ለብቻ የተዘረጋ መስመርና ጄኔሬተር ያስፈልጋል። ዋናው ብልሃት ግን የትኛው መጀመሪያ ይነሳል የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ነው። ጀርም የሚያዝበት ክፍል ውስጥ መብራት ሲመለስ አየር የሚያወጣው ፋን መቅደም አለበት። አየር የሚያስገባው ከቀደመ ክፍሉ ይነፋና ውስጥ ያለው ወደ ኮሪደር ይገፋል። ይህ የሚጻፈው ዲዛይን ላይ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን አይደለም።

ውሃው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ምክንያቱም ጸሐፊው እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነክተዋል፤ መደምደሚያቸው ብቻ ነው ያልሆነልኝ።

እናቴ ቤት ያለውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ገልብጣችሁ ብታዩት ውስጡ ነጭ ቅርፊት ነው። በጥፍር ቢፍቁት እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በየሁለት ሳምንቱ አቼቶ አፍልታ ታጥበዋለች። የድሬ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የከተማው ውሃ ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጣው፤ መሬቱ ደግሞ የኖራ ድንጋይ አለበት። በከተማው ሥር ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት እንዳለም የተጠና ነገር ነው፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርግ ነው።

አሁን ይህን ውሃ ከሚፈለገው ጋር እናስተያየው። በመርፌ ለሚሰጥ መድኃኒት የሚሆን ውሃ፣ በ25 ዲግሪ ሲለካ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከ1.3 ማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የሟሟ ነገር ከሞላ ጎደል የሌለበት ማለት ነው። ከማንቆርቆሪያው እስከዚያ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ግን የታወቀ መንገድ ነው። መጀመሪያ አሸዋ። ቀጥሎ ካልሲየሙን በጨው የሚለውጠው ማለስለሻ። ከዚያ ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ውሃውን በግፊት በስስ ገለፈት የሚያሳልፈው ማጣሪያ፤ ናይትሬቱም አብዛኛው እዚህ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ማትነን። የተጣራው ውሃ ደግሞ ጋን ውስጥ ተኝቶ አይጠብቅም። 80 ዲግሪ ገደማ ሆኖ በማይዝግ ቧንቧ ውስጥ ቀንና ሌሊት ይዞራል። ከቆመ ባክቴሪያ ያድርበታል።

ስለዚህ «ውሃው ካልሲየም አለበት» የሚለው አይከለክልም። ማለስለሻው ትልቅ ይሆናል፤ ጨው ይበላል፤ ያ ነው። መጠኑ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ድሬ ውሃ ይቸግራታል። ሐረርም የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬ በኩል በሚሳብ ውሃ ትጠጣለች። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ደግሞ ከሚገባበት ውሃ ሩብ የሚሆነውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይጥላል። ሰፈሩ በሮቶና በጀሪካን ተራ እየጠበቀ ይህን ውሃ ወደ ቦይ መልቀቅ አይቻልም። ተይዞ ለሽንት ቤትና ለወለል ማጠቢያ መዋል አለበት። ይህ ማለት ሁለተኛ የቧንቧ መስመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፕላኑ ላይ ይሳላል።

ሙቀትና ውሃ የሚገናኙት ደግሞ ቺለሩ (ዋናው የማቀዝቀዣ ማሽን) ላይ ነው። በደረቅ አገር ርካሹ ማቀዝቀዣ ውሃ እያተነነ የሚያቀዘቅዘው ነው። መብራት ይቆጥባል፤ ውሃ ግን ይጨርሳል። በአየር የሚቀዘቅዘው ቺለር በተቃራኒው ነው። እኔ ብጠየቅ ድሬ ላይ በአየር የሚቀዘቅዘውን እመርጣለሁ፤ መብራት ይብላ እንጂ ውሃ አይብላ። ወጪው ከፍ ይላል። ግን ለፋብሪካ ሲባል የሰው ውሃ መነካት የለበትም። ጸሐፊው «ይቅር» ከሚሉ ይልቅ ይህን ቢጠይቁ እኔም አብሬያቸው እጠይቅ ነበር።

ጀርሙን በተመለከተ፣ ፍርሃቱን አልንቀውም። ኮቪድን ያየ ሰው ቢፈራ ትክክል ነው። ግን ሁለት ነገር ተደባልቋል። መድኃኒት የሚሞላበት ክፍል አየሩ ወደ ውጭ እንዲገፋ ይደረጋል፤ ቆሻሻ እንዳይገባ። ጀርም የሚጠናበት ክፍል አየሩ ወደ ውስጥ እንዲሳብ ይደረጋል፤ ምንም እንዳይወጣ። በአንዱ ክፍልና በሚቀጥለው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ10 እስከ 15 ፓስካል ገደማ ነው። በጣም ትንሽ ናት። ሆኖም በዓይን ትታያለች። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በር ሥር ባለው ክፍተት ያዙ። ወደ ውስጥ ከተሳበች ክፍሉ ይስባል። ከተገፋች ይገፋል። መሣሪያ እያለንም እኔ ሁሌ ጠዋት በሶፍት አረጋግጥ ነበር። ከክፍሉ የሚወጣው ፈሳሽ ደግሞ በሙቀት ሳይገደል ወደ ፍሳሽ አይለቀቅም።

በከተማ መሃል አይሆንም ለሚለው፣ ቢሾፍቱን እንይ። የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እዚያው የእንስሳት ክትባት ያመርታል። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም እዚያው ነው። የከብት ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ከተነገረ በኋላ፣ የቀረውን ቫይረስ እንዲይዙ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ማዕከል ነው። በአያቶቻችን ዘመን ከብቱን ጨርሶ ክፉ ቀን ያመጣው በሽታ ማለት ነው። ሰው በዙሪያው ይኖራል፤ ይነግዳል፤ ልጅ ያሳድጋል።

ጸሐፊው ቦታን ካነሱ አይቀር ማንሳት የነበረባቸው ጎርፉን ነው። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። እንዲህ ያለ ቤት ከወንዙ መስመር አጠገብ መቆም የለበትም። ደረቅ የሚመስል አሸዋ ላይም ቢሆን። «ከሕዝብ ይራቅ» ከማለት በፊት «ከውሃ መውረጃ ይራቅ» ማለት ይቀድማል።

ምርምሩ ለምን እዚህ ይሁን ለሚለውም መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ ድሬ ላይ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ያመጣችው አዲስ ትንኝ ናት፤ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ። በሀገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ረግረግ አትጠብቅም። በበጋ፣ በከተማ፣ በሮቶና በበርሜል ውስጥ ትራባለች። ውሃ ስለሚጠፋ ውሃ እናጠራቅማለን፤ በተጠራቀመው ላይ እሷ ትፈለፈላለች። ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ ማጥናት ከባድ ነው። የትንኝ ማርቢያ ክፍል ደግሞ የሚፈልገው 27 ዲግሪ ገደማና እርጥብ አየር ነው። ድሬ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማሞቅ አያሻውም። በሩ ድርብ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ነው። ነጭ የሚሆነው ለውበት አይደለም፤ ያመለጠች ትንኝ ስታርፍ እንድትታይ ነው።

ባለሙያ የለም የሚለው ላይ ብዙም አልስማማም። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን ነው፤ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። ማይክሮስኮፕ የሚያነብ ልጅ አናጣም። የምናጣው ሌላ ነው። የውሃውን ቧንቧ የሚበይድ ሰው ነው። ይህ ብየዳ የበር ብየዳ አይደለም። የቧንቧው ውጭ በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ፣ ውስጡም በዚያው ተሞልቶ ነው የሚበየደው። ውስጡ በደንብ ካልተሞላ ብየዳው ይጠቁራል፤ ይሻክራል፤ ባክቴሪያ እዚያ ይይዛል። ቧንቧው ተዳፋት ካልሆነ ውሃ ይቀርበታል። ድሬ ግን በምድር ባቡር ጋራዥ ያደገች ከተማ ናት። አባቶቻችን ከፈረንሳይ የመጣ የባቡር ክፍል ሲሰበር ራሳቸው ቶርኖ ላይ አውጥተው ይገጥሙ ነበር። ይህ እጅ ያለበት ከተማ ብየዳ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ስልጠናው ግን ከግንባታው መቅደም አለበት።

ገዢውን በተመለከተ ጸሐፊው ከተናገሩት ሁሉ ጠንካራው ይኸ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስፐን የተባለው ኩባንያ የኮቪድ ክትባት በራሱ ስም ለመሸጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋጅቶ ትዕዛዝ ሳይመጣለት ቀርቷል። ፋብሪካ አለ፤ ባለሙያ አለ፤ ገዢ የለም። ስለዚህ በሰው ክትባት እንጀምር የሚለውን እኔም አልደግፍም። በምሥራቅ ያለው ሀብት ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል ነው። ደስታ መሰል የሚባለውን የበግና የፍየል በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ አለ። ቢሾፍቱ ያመርታል፤ ድሬ ያንን መድገም የለባትም። ድሬ የምትጠቅመው ክትባቱ በቆላ፣ በግመል ጀርባ፣ ያለ በረዶ እንዴት እንደሚሰነብት በመሞከር ነው። የከብት ደስታ ከአፋር የወጣው እኮ ያለ ማቀዝቀዣ ሊሰነብት የሚችል ክትባት ሲመጣና አርብቶ አደሩ ራሱ ሠልጥኖ ሲከትብ ነው። ጸሐፊው እንቅፋት ያሉት ሙቀት ለዚህ ሥራ መሞከሪያ ነው።

አሁን ወደ ሼዱ። ከጽሑፉ ሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሰሚ የሚያገኘው ይህ ምክር ነውና።

ሼድ ጥቅም የለውም አልልም። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ መሃሉ ምሰሶ የለውም። በውስጡ ሌላ ሳጥን መሥራት ይቻላል። ግን ሼዱ ዝናብና ፀሐይ ከመከላከል አያልፍም። የልብስ ስፌት እንዲሠራበት የቆመ ጣሪያ የአየር ቱቦና ፊልተር መሸከም አይችልም። ወለሉ ውስጥ የፍሳሽ መስመር የለም። ከክፍሎቹ በላይ ቴክኒሻን ገብቶ ፊልተር የሚቀይርበት ወለል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ለአንድ ፊልተር ብሎ ንጹሁን ክፍል ማቆሸሽ ነው። «ኤሲ መግጠም» ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤሲ ያንኑ አየር ያቀዘቅዛል እንጂ አያጣራም፤ ግፊትም አይሠራም።

አንድ ጊዜ አንድ ተቋም ላቦራቶሪ ሠርቶ ጠራኝ። ሕንጻው ተመርቋል፤ ሴራሚኩ ያበራል። ኦቶክላቩ ከነሳጥኑ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ማሽኑ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ በሩ 90 ሴንቲ ሜትር። ግድግዳ ፈረሰ። ማሽኑ ከገባ በኋላ ደግሞ የእንፋሎቱ ፍሳሽ የሚወርድበት ቱቦ የለም፤ ሴራሚኩም ተነሳ። ፍሳሹ የገባበት የፕላስቲክ ቱቦ ሙቀቱን አልቻለም፤ ተጣመመ። ሦስት ጊዜ ተሠራ። ማንም ሰነፍ አልነበረም። ሕንጻው መጀመሪያ ተሳለ፤ ሥራው በኋላ ታሰበ፤ ችግሩ ይኸው ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያ ምን እንሠራለን። ከዚያ በየትኛው ማሽን። ሰው በየት ገብቶ የት ልብሱን ይለውጣል። ቆሻሻው በየት ይወጣል፤ ከንጹሁ ጋር መንገድ ላይ ይገናኛል ወይ። ከዚያ አየሩ፣ ውሃው፣ መብራቱ። ግድግዳው መጨረሻ ላይ ይሳላል። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ፋብሪካ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ኪጋሊ ላይ የጀርመኑ ክትባት አምራች ባዮንቴክ በኮንቴይነር ሠርቶ ያመጣው ማምረቻ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ደረሰ። አንዱ ክፍል የስድስት ኮንቴይነር ስብስብ ነው። ሆኖም የሚያርፍበት ሕንጻ፣ ኃይሉ፣ ውሃው፣ መጋዘኑና የፍሳሽ ማከሚያው እዚያው መገንባት ነበረበት።

«በዓመት ያልቃል» የሚለውም እንዲሁ። ግንባታው ቢያልቅ እንኳ ሥራው አያልቅም። የውሃ ሥርዓቱ ብቻ በሦስት ደረጃ ይፈተሻል። የመጀመሪያው ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ሁለተኛውም ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ሦስተኛው አንድ ዓመት ሙሉ ነው። ዓመት የሆነበት ምክንያት አለው። የጉድጓድ ውሃ በበጋና በክረምት አንድ አይደለም። ጎርፍ ሲመጣ ናይትሬቱም ጭቃውም ይለወጣል። ሥርዓቱ ሁሉንም ወቅት አይቶ ማለፍ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬ መጀመር የሚቻለው አንዱ ወደ ሥርዓቱ የሚገባውን ውሃ ማወቅ ነው። ለዚህ ሼድ አያስፈልግም፤ ማሽንም አያስፈልግም። ንጹህ ጠርሙስ፣ ቀንና ጉድጓድ የተጻፈበት ወረቀት፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ይበቃል። በየሳምንቱ ከየጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ፤ ከክረምት እስከ ክረምት። ጠጣርነቱ፣ ናይትሬቱ፣ የባክቴሪያ ቁጥሩ በየሳምንቱ ይመዝገብ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ይህን የሚለኩ ተማሪዎች አሏቸው። ጸሐፊውም ፈቃደኛ ከሆኑ የሳቢያን ጉድጓዶቹን እኔ እይዛለሁ፤ እሳቸው በሚኖሩበት በኩል ያለውን ይያዙ።